የ4,800 ብሩ የአቧራ ማስክ፦ 7 ወር ለብሼው ያየሁት

መጀመሪያ ዋጋውን ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ስለሚቆም። ከነሁለት ማጣሪያው 4,800 ብር። ከመርካቶ ነው የገዛሁት። አዎ፣ ለማስክ ነው ይሄን ያህል ያወጣሁት። ባለቤቴ ስትሰማ «በዚህ ብር እኮ የሁለቱም ልጆች ጫማ ይገዛ ነበር» አለች። እውነቷን ነው። እኔም ራሴ የዛሬ 2 ዓመት ቢሆን ሻጩ ላይ ስቄበት ነበር የምሄደው።

ሥራዬ ድንጋይ ነው። ማርብልና ግራናይት እቆርጣለሁ፣ ጠርዝ አወጣለሁ፣ ቤት ድረስ ሄጄ እገጥማለሁ። የኪችን ካውንተር፣ ደረጃ፣ የመስኮት ደፍ፣ አንዳንዴም የመቃብር ድንጋይ። 16 ዓመት ሠርቻለሁ፤ 11ዱን ተቀጥሬ፣ የቀረውን በራሴ። በነዚያ 11 ዓመታት አፌ ላይ የነበረው ፎጣ ነው። ኮሮና ሲመጣ ደግሞ ሰማያዊዋ የሕክምና ማስክ። ማታ ስንወጣ ወፍጮ ቤት የዋልን ነበር የምንመስለው፤ ቅንድባችን ሳይቀር ነጭ። አለቃችን ክፉ ሰው አልነበረም። በየቀኑ ግማሽ ግማሽ ሊትር ወተት ያስመጣልን ነበር። «ጠጡ፣ አቧራውን ያጥበዋል» ይላል። እኛም እንጠጣለን። ቀለም የሚቀቡትም፣ ሲሚንቶ የሚያራግፉትም፣ ጋራዥ ያሉትም ይሄንኑ ያደርጋሉ። ሳንባችንን በወተት የምናጥብ ሰዎች ነን።

ስለ ማስክ ልጽፍ ተነሥቼ ወተት ውስጥ ገባሁ። ግን ይያያዛል፣ ታገሱኝ።

አብሮኝ ሥራ የጀመረ ጓደኛ አለኝ። ከእኔ ይበረታ ነበር፤ የግራናይት ሰሌዳ ከመኪና ሲወርድ ከባዱን ጫፍ የሚይዘው እሱ ነው። የዛሬ 3 ዓመት አካባቢ ማሳል ጀመረ። ደረቅ ሳል። «ብርድ መቶህ ነው» አልነው። ሌላው «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ አመጣለት። ከዚያ ደረጃ ሲወጣ ማረፍ አመጣ። ሁለተኛ ፎቅ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ይቆማል፣ ስልኩን የሚያይ መስሎ። ክሊኒክ ሄደ፣ ራጅ ተነሣ፣ ሳንባህ ላይ ነጠብጣብ አለ ተባለ፣ ቲቢ ነው ተባለ፤ አክታው ግን ምንም አላሳየም። መድኃኒቱን 6 ወር ሙሉ ሳያቋርጥ ጨረሰ። ሳሉ ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ትልቅ ሆስፒታል ሲደርስ አንዲት ሐኪም ራጁን ከማየቷ በፊት «ሥራህ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችው። በቃ። ሲሊኮሲስ፤ ድንጋይ ውስጥ ያለው ሲሊካ የሚባል ማዕድን አቧራ ሆኖ ገብቶ ሳንባን የሚጎዳበት በሽታ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያንን ጥያቄ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ክሊኒኩ ሰነፍ ነው ማለቴ አይደለም። ሁለቱ በሽታዎች ራጅ ላይ ይመሳሰላሉ፤ ሲሊካ የጎዳው ሳንባ ደግሞ ለቲቢም ይመቻል፣ አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙም ይችላሉ። ግን ጥያቄው እኮ ብር አይከፈልበትም።

እኔም ፈራሁና ሄድኩ። ስፓይሮሜትሪ የሚባል ምርመራ አለ። አፍንጫህን በመቆንጠጫ ይይዙታል፣ ቱቦ ይሰጡሃል፣ በአንድ ትንፋሽ ያለህን ሁሉ ታወጣለህ። ባለሙያዋ «ይንፉ፣ ይንፉ፣ ይንፉ፣ አያቋርጡ!» እያለች አጠገቤ ትጮሃለች፣ ኳስ ሜዳ ነው የሚመስለው። ውጤቱ ለዕድሜዬና ለቁመቴ ከሚጠበቀው ትንሽ ዝቅ ብሏል፤ ራጁ ላይ ግን ገና የሚታይ ነገር የለም ተባልኩ። በዓመት በዓመቱ እንድመለስ ታዘዝኩ። ስወጣ አላስችል ብሎኝ ስለ ወተቱ ጠየቅኩ። ዶክተሯ ሳቀች። «ወተቱ ወደ ሆድዎ ነው የሚሄደው፣ አቧራው ያለው ሳንባዎ ውስጥ ነው። መንገድ ላይ እንኳን አይገናኙም።»

የነገረችኝን እኔ በገባኝ መንገድ ልበለው። ዓይናችን የሚያየው አቧራ፣ ያ ቅንድብ ላይ የሚያርፈው፣ ብዙም ክፉ አይደለም። አፍንጫና ጉሮሮ ይይዙታል፣ እንተፋዋለን። ክፉው የማይታየው ነው። ከፀጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ የሚያንስ ብናኝ እስከ ሳንባ መጨረሻ፣ አየር ከደም ጋር እስከሚገናኝባቸው ትንንሽ ከረጢቶች ድረስ ይገባል። እዚያ ያሉት ጠባቂ ሕዋሶች ይውጡታል። ሲሊካ ግን ድንጋይ ነው፣ አይፈጭም። የዋጠውን ሕዋስ ይገድለውና ተመልሶ ይወጣል፣ ሌላው ይውጠዋል፣ እሱም ይሞታል። በየቦታው ጠባሳ ይቀራል። ጠባሳ እንደ ጤነኛ ሳንባ አይለጠጥም። ይሄ ነው እንግዲህ ደረጃ ላይ የሚያቆመው። ብዙውን ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው የሚታየው፤ አቧራው በጣም ከበዛ ግን በጥቂት ዓመታትም ይመጣል። የሚያድን መድኃኒት የለውም። የባሰው ደግሞ ሥራውን ከተዉት በኋላም ሊቀጥል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሊካን ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ መድቦታል።

ለባለሙያ ወንድሞቼ የምትጠቅም ነገር ላክል። ድንጋይ ሁሉ እኩል አይደለም። ማርብል ውስጥ ሲሊካ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው። ግራናይት ውስጥ እስከ 45 በመቶ ሊደርስ ይችላል። አሁን አሁን ደንበኛ ሁሉ «ኳርትዝ አድርግልኝ» የሚለው ሰው ሠራሹ ድንጋይ ደግሞ 90 በመቶና ከዚያም በላይ። አውስትራሊያ በዚህ ድንጋይ የታመሙ ወጣት ሠራተኞች ሲበዙባት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ጭራሽ ከለከለችው፣ መሥራትም መሸጥም መግጠምም። እኔ ደንበኛ ሲጠይቀኝ የምመልሰው ግራናይቱ ይሻልሃል ነው። ያምርብሃል እላለሁ፣ ምክንያቱን ለራሴ እይዛለሁ።

ወደ ማስኩ።

መጀመሪያ የገዛሁት ይሄኛውን አይደለም። ተጭበርብሬያለሁ። 850 ብር የሆነ፣ መልኩ ቁርጥ ያንኑ የሚመስል፣ በሁለት ጎኑ ክብ ማጣሪያ ያለው። የሱቁን ስም አልጠራም፣ ሰውየው ራሱ ምን እንደሚሸጥ የሚያውቅ አይመስለኝም። «ወንድሜ፣ ይሄ ኦሪጅናል ነው፣ ለቀለምም ለአቧራም ለጋዝም» አለኝ። ለሁሉም ይሆናል ሲባል መጠርጠር ነበረብኝ። ላስቲኩ ጠንካራ ነው፣ ፊት ላይ አይተኛም፣ የጎማ ሽታው ራስ ያዞራል። የገዛሁ ቀን አንድ የሲንክ ቀዳዳ ቆርጬ ሳወልቀው የማስኩ ውስጥ ነጭ፣ አፍንጫዬ ነጭ። ከፎጣው በምን ተሻለ? አሁን ረዳቴ የድሮውን ማስክ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል፣ ለማስታወሻ ይላል።

ሁለተኛው፣ የአሁኑ፣ ግማሽ ፊት የሚሸፍነው ዓይነት ነው። ከአፍንጫ ግንድ እስከ አገጭ ሥር። ፊት የሚነካው ክፍል ሲሊኮን ነው፣ ለስላሳ። ማሰሪያው ሁለት ነው፣ አንዱ አናት ላይ፣ አንዱ ማጅራት ላይ። በጆሮ የሚንጠለጠል ከሆነ ለእኛ ሥራ አይሆንም፣ በጆሮ ብቻ የሚያዝ ነገር ፊት ላይ ጥብቅ ብሎ አይተኛም። ሦስት መጠን አለው፦ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ። እኔ መካከለኛ ነኝ። ሻጯ ሦስቱንም አስለክታኛለች፣ እግዚአብሔር ይስጣት፣ ጫማ እንደሚለካ።

ማጣሪያው ላይ ነው ጨዋታው። ስትገዙ «ፒ 100» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ቀለሙ ሐምራዊ የመሰለ ሮዝ ነው፤ ደቃቅ ብናኝን 99.97 በመቶ የሚይዝ ማለት ነው። «ኤን 95» የሚባለው 95 በመቶ ይይዛል፣ እሱም ከፎጣ ጋር አይወዳደርም፣ እጅ ላይ ያለው ያ ከሆነ እሱን አድርጉ። ተጠንቀቁ ታዲያ፣ ጥቁር ቆርቆሮ የመሰለውን ማጣሪያ «ይሄ ይበልጣል» ብለው ይሰጧችኋል። እሱ ለጋዝና ለቀለም ሽታ ነው። ለብቻው ከሆነ አቧራ ለማቆም የተሠራ አይደለም። ከባድና ውድ ስለሆነ ብቻ የተሻለ ይመስላል።

ስትለብሱት ደግሞ ሁለት ነገር ሞክሩ፣ ሱቅ ውስጥ ሳትከፍሉ። ማጣሪያዎቹን በመዳፋችሁ ሸፍናችሁ አየር ሳቡ፤ ማስኩ ወደ ፊታችሁ ተሰብስቦ መጣበቅ አለበት። ከዚያ የመተንፈሻውን ክዳን ከፊት ለፊት ሸፍናችሁ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ፤ ትንሽ ያብጣል፣ በጎን ግን አየር መውጣት የለበትም። የ850 ብሩ ሁለቱንም ወድቋል፣ ቤት ወስጄ ነው የሞከርኩት እንጂ።

አሁን የሚያበሳጨውን ልናገር።

አንደኛ ጺም። ጺም ያለው ሰው ፊት ላይ አይዘጋም። የሁለት ቀን ጺም እንኳን ያስገባል። እኔ 20 ዓመት የኖርኩበትን ጺም ላጭቼ ቤት ስገባ ትንሿ ልጄ አላውቅህም ብላ አለቀሰች። አሁን ጠዋት ጠዋት መላጨት የሥራዬ አንድ ክፍል ሆኗል፤ የምላጩን ዋጋም ጨምሩበት። ጺሙን ለሃይማኖቱ የሚያሳድግ ሰው ይሄ ማስክ አይሆነውም፣ ሙሉ ራስ የሚሸፍን አየር የሚነፋ ዓይነት አለ፣ እሱ ግን ዋጋው ሌላ ነው።

ሁለተኛ ሙቀት። እኩለ ቀን ላይ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ፊት በላብ ይርሳል። ማስኩ ሥር ውኃ ይጠራቀማል፣ አገጭ ላይ ይንጠባጠባል። የመጀመሪያው ሳምንት ራሴን አሞኝ ነበር፣ ማሰሪያውን አጥብቄው ነው፤ ሳላላው ተወኝ። መተንፈስ ትንሽ ይከብዳል። ትንሽ ነው፣ ግን ለለመደው ሰው ነው ትንሽ የሚሆነው።

ሦስተኛ ወሬ። አይሰማም። ደንበኛ መጥቶ «ዋጋው ስንት ነው?» ሲል እኔ የምመልሰው ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ድምፅ ነው። ስለዚህ ማውለቅ ይመጣል። ማስኩን የሚያሸንፈው ይሄ ነው፣ በየአሥር ደቂቃው ማውለቅ። ግራይንደሩን ካጠፋህ በኋላ ደቃቁ አቧራ አየር ላይ ብዙ ይቆያል፣ የሚታየው ወርዶ ሲያበቃ የማይታየው ገና አለ። እኔ አሁን ሰው ሲመጣ ወደ ውጭ እወጣለሁ፣ ራቅ እላለሁ፣ እዚያ አወልቃለሁ።

ማጣሪያው ስንት ጊዜ ይቆያል ለምትሉ፣ እኔ በ7 ወር ሦስት ጊዜ ቀይሬያለሁ፣ ጥንዱ 1,900 ብር። ምልክቱ ቀላል ነው፣ አየር መሳብ ሲከብድ። አንድ ነገር ግን አደራ፣ በኮምፕሬሰር አትንፉት። ሁላችንም የምናደርገው ነው፤ ማጣሪያው ሲደፈን ኮምፕሬሰር ደግነን «አዲስ ሆነ» እንላለን። የተነፋ ማጣሪያ ይበሳሳል፣ መተንፈስ ቀለለን የምንለውም ለዚያ ነው። ልብስንም ማታ በኮምፕሬሰር ማራገፍ እንዲሁ፤ ቀኑን ሙሉ ልብስ ላይ የተኛውን መልሶ አፍንጫ ላይ መበተን ነው። እኔ አሁን የሥራ ልብሴን እዚያው አውልቄ በላስቲክ ነው የምወስደው። ባለቤቴ ከመታጠቡ በፊት ትዘፈዝፈዋለች እንጂ አታራግፈውም።

ማስኩን ራሱን ማታ ማታ ማጣሪያውን ነቅዬ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና አጥባለሁ፣ ጥላ ላይ አደርቃለሁ። ጠዋት ከመልበሴ በፊት ውስጡን በነጭ ሶፍት እጠርጋለሁ። ማታ ሳወልቅም እንደገና። ሶፍቱ ነጭ ከሆነ ደህና ነኝ፣ አመድማ መስመር ካለ የሆነ ቦታ ከፍቷል ማለት ነው። ማንም አላስተማረኝም፣ ከ850 ብሩ ቂም የመጣ ነው።

አሁን ደግሞ ማስኩ የማይችለውን። 99.97 የማጣሪያው ነው፣ የማስኩ አይደለም። ግማሽ ፊት ማስክ በደንብ ገጥሞ እንኳን የውጭውን አቧራ ወደ አንድ አሥረኛ ያወርዳል ተብሎ ነው የሚታሰበው፣ በጎን የሚገባ አለና። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ደንብ ሠራተኛ በ8 ሰዓት ውስጥ በአማካይ ሊተነፍስ የሚፈቀድለት ሲሊካ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 50 ማይክሮግራም ነው። ማይክሮግራም የግራም ሚሊዮንኛ ነው። ግራናይት በደረቁ ስትቆርጥ ወደ አንድ አሥረኛ ወርዶ እንኳን ከዚህ ልክ የሚያልፍ አቧራ ልትፈጥር ትችላለህ። ስለዚህ መጀመሪያ ውኃ ነው፣ ማስኩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሱቅ ያለው ትልቁ መቁረጫ ድሮም በውኃ ነው የሚሠራው። ችግሩ የጠርዝ ሥራና ሰው ቤት ሄዶ መግጠም ነው። ለሲንክ ቀዳዳ ኪችን ውስጥ፣ መስኮት ተዘግቶ፣ በደረቁ፣ ባለቤቶቹ ሳሎን ቁጭ ብለው ቡና እየጠጡ። አሁን ቀዳዳውን ሱቅ ጨርሼ ነው የምወስደው፤ ልኬቱን ሁለቴ መውሰድ ነው እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም። ለጠርዝ ደግሞ ውኃ የሚገባበት ማለስለሻ ገዛሁ። ከዚያ በፊት ረዳቴ ሃይላንድ ክዳኑን በስቶ ዲስኩ ላይ ያንጠባጥብልኝ ነበር፤ አቧራውን ይቀንሳል፣ ግን ተራ ግራይንደርና ውኃ ኤሌክትሪክ ነው የሚያስይዘው፣ አንድ ቀን እጄን ነዝሮኝ ትቼዋለሁ። ውኃ ሲጠፋስ? ሰፈራችን ውኃ በሳምንት የሚመጣበትን ቀን ታውቃላችሁ። ሁለት በርሜል አለኝ። ጭቃውንም ሳይደርቅ ማጠብ ነው፣ ከደረቀ ተመልሶ አቧራ ነው።

ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ደግሞ ይሄን 4,800 ብር ከኪሳችሁ ማውጣት የለባችሁም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመከላከያ ዕቃ የማቅረብም አጠቃቀሙን የማሳየትም ግዴታ የጣለው አሠሪው ላይ ነው። አሠሪው «ወተት አቀርባለሁ» ቢላችሁ፣ ወተቱንም ጠጡ፣ ማስኩንም ጠይቁ።

እናቴ ክር ፋብሪካ ነበር የሠራችው፣ የጥጥ ክፍል። ልጅ ሆነን ሰኞ ማታ ስትገባ ደረቷን ይዛ ቁጭ ትል ነበር። ማክሰኞ ይሻላታል፣ ሐሙስ ደህና ናት። ከዕሁድ በኋላ ሰኞ እንደገና። እኛ «ሰኞን ትጠላለች» እያልን እንቀልድ ነበር። ዶክተሯ ይሄን ስነግራት የጥጥ አቧራ ሕመም መሆኑን ወዲያው አወቀችው፣ ቢሲኖሲስ ይባላል፣ መጀመሪያ ላይ ከእረፍት በተመለሱበት ቀን መባሱ ዋናው ምልክቱ ነው። ስም እንዳለው እናቴ ሳትሰማ ነው ያረፈችው።

ነጥብ ስጥ ካላችሁ ከ10 ለማስኩ 8 እሰጠዋለሁ። አንዱን ለላቡ፣ አንዱን ለማጣሪያው ዋጋ ቀነስኩ። በየቀኑ ድንጋይ፣ ሴራሚክ ወይም ኮንክሪት ለሚቆርጥ ሰው ያዋጣል። በወር አንዴ ግድግዳ ለሚበሳ ሰው ኤን 95 በቂው ነው፣ ብሩን ለሌላ ያድርገው።

ባለፈው ወር ለረዳቴም ገዛሁለት፣ 22 ዓመቱ ነው፣ ፊቱ ቀጭን ስለሆነ ትንሹ መጠን ነው የሆነው። ሁለት ቀን ለበሰና «ጋሼ፣ በዚህ ነገር ሴት ልጅ እንዴት ላናግር ነው?» አለኝ። ጓደኛዬ በዚያ ሰዓት በር ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጦ ነበር፣ አሁን እሱ ሒሳብ ነው የሚይዝልኝ። «አውልቀህ አናግራት፣ ውጭ ወጥተህ» አለው፣ ከዚያ ሳለ፣ ረጅም ሳል፣ ልጁም ማስኩን አንሥቶ ወደ ውስጥ ገባ።